የአስትሮፊዚክስ ተመራማሪ የኅትመት መዝገብና የሳይቴሽን ቁጥር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ጥናታዊ ጽሑፍ በሌላ ጥናታዊ ጽሑፍ የዋቢ ዝርዝር ውስጥ በገባ ቁጥር አንድ ሳይቴሽን ይቆጠርለታል። ሲናገሩት ቀላል ነው። ነገር ግን በስም አጻጻፍ፣ በደራሲዎች ብዛትና ቁጥሩ በተወሰደበት የመረጃ ቋት ምክንያት የአንድ ሰው ቁጥር በእጅጉ ሊለያይ ይችላል። ከታች የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ አስትሮፊዚክስ ተመራማሪ ሙሉ የኅትመት መዝገብ የት ይገኛል?

መጀመሪያ የሚከፈተው ኤዲኤስ ነው፤ ሙሉ ስሙ አስትሮፊዚክስ ዳታ ሲስተም ይባላል። ወጪውን ናሳ ይሸፍናል፤ የሚያስተዳድረው ደግሞ በካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ የሚገኘው ስሚዝሶኒያን አስትሮፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ነው። አገልግሎቱ ነፃ ነው። አዳዲስ ጽሑፎችን ብቻ ሳይሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታተሙትንም ስካን አድርጎ አስቀምጧል።

በመፈለጊያው ሳጥን ላይ «ኦተር» የሚለውን ተጭነው በጥቅስ ምልክቱ ውስጥ መጀመሪያ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተመዘገበውን፣ ከዚያ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያ የራስን ስም ይጻፉ። ከስሙ ፊት የቆብ ምልክት (^) ካስገቡ ሰውየው የመጀመሪያ ደራሲ የሆነባቸው ብቻ ይወጣሉ። በግራ በኩል ካሉት ማጣሪያዎች «አስትሮኖሚ» እና «ሪፈሪድ» የሚሉትን ይምረጡ። ሁለተኛው በባለሙያ ተገምግመው የታተሙትን ብቻ ያስቀራል። ከዚያ «ኤክስፕሎር» ከሚለው ስር ሜትሪክስን ሲከፍቱ የጽሑፍ ብዛት፣ ጠቅላላ ሳይቴሽን፣ አማካይ፣ መካከለኛ ዋጋ፣ ኤች-ኢንዴክስ (የጽሑፍን ብዛትና ሳይቴሽንን አጣምሮ የሚለካ ቁጥር፤ አቆጣጠሩ ከታች ይመጣል) እና ሌሎቹም በአንድ ገጽ ይቀርባሉ፤ አንዱ ዓምድ ለሁሉም፣ ሌላው ለተገመገሙት ብቻ።

የ«ሪፈሪድ» ማጣሪያን መዝለል ትልቅ ስህተት ነው። ኤዲኤስ የጉባኤ አጭር መግለጫዎችን፣ የቴሌስኮፕ ጊዜ ማመልከቻዎችን፣ ስለ ጋማ ጨረር ፍንዳታ በየሰዓቱ የሚሠራጩ አጫጭር ሰርኩላሮችን ሳይቀር ይመዘግባል። በዚህ መስክ የሚሠራ ሰው በመቶ የሚቆጠሩ ሰርኩላሮች ሊኖሩት ይችላሉ። ዋጋ ቢስ ናቸው ማለት ሳይሆን ከጆርናል ጽሑፍ ጋር በአንድ ላይ አይደመሩም።

እያንዳንዱ መዝገብ 19 ምልክቶች ያሉት መለያ አለው፤ ቢብኮድ ይባላል። 4ቱ ለዓመት፣ 5ቱ ለጆርናሉ አኅጽሮት፣ 4ቱ ለቅጽ፣ 1 ለልዩ ክፍል፣ 4ቱ ለገጽ፣ የመጨረሻዋ 1 ለመጀመሪያው ደራሲ የቤተሰብ ስም መነሻ ፊደል። የአጽናፈ ዓለም መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑን ያሳየው የአዳም ሪስ ቡድን ጽሑፍ በ1998፣ አስትሮኖሚካል ጆርናል፣ ቅጽ 116፣ ገጽ 1009 ላይ ስለወጣ ቢብኮዱ እነዚህን በተርታ ይዞ በ«አር» ያበቃል፤ ባዶ ቦታዎቹ በነጥብ ይሞላሉ። ይህች የመጨረሻ ፊደል ለእኛ ለምን ችግር እንደምትሆን ቀጥሎ ይታያል።

ስሜን ስፈልግ ግማሹ ሥራዬ የለም፤ የማላውቃቸው ሰዎች ጽሑፍ ግን ይመጣል። ለምን?

ለኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ቁጥር መጉደል ዋነኛው ምክንያት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው።

የመረጃ ቋቶቹ የተሠሩት ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም አለው በሚል ግምት ነው። እኛ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ተስፋዬ ገብረ መድኅን የሚባል ሰው አለ እንበል። የመጀመሪያ ጽሑፉን ሲያስገባ የጆርናሉ ማስገቢያ ፎርም የመጨረሻውን ቃል እንደ ቤተሰብ ስም ይወስድና «መድኅን፣ ተ. ገ.» ብሎ ይመዘግበዋል። በሁለተኛው ጽሑፍ ተባባሪው ስሙን ገጥሞ «ገብረመድኅን፣ ተ.» ብሎ ያስገባዋል። በሦስተኛው፣ በጉባኤ መድበል ላይ፣ የስም ቅደም ተከተሉ ይገለበጥና «ተስፋዬ፣ ገ.» ይሆናል። ለኮምፒዩተሩ እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው። የተበተነ ኤች-ኢንዴክስ ደግሞ ተደምሮ አይመለስም፤ ሦስት ቦታ 3፣ 4 እና 2 ሆኖ የተገኘ ቁጥር ጽሑፎቹ አንድ ላይ ሲሰበሰቡ 9 ይሆናል ማለት አይደለም። ዝርዝሩ አንድ ሆኖ እንደገና መቆጠር አለበት።

ሁለተኛው ጣጣ ወደ ላቲን ፊደል ሲዞር የሚመጣው ነው። «ጸጋዬ» በ«ቲኤስ»፣ በ«ቲዜድ» ወይም በ«ኤስ» ሲጀመር እናያለን። «ቀ» አንዴ በ«ኬይ» ሌላ ጊዜ በ«ኪው» ይጻፋል። «ወልደ» በ«ኦ» ወይም በ«ኢ» ይመጣል፤ ሳድስ ፊደል ደግሞ በ«ኢ»፣ በ«አይ» ወይም ያለ ምንም አናባቢ። አንዲት ፊደል ስትለወጥ ፍለጋው ይስታል።

ሦስተኛው የስም መጨናነቅ ነው። የአባት ስም የሌላ ሰው የራስ ስም ስለሆነ «ከበደ፣ አ.» ወይም «ተስፋዬ፣ አ.» ብለው ሲፈልጉ በሥጋም በሙያም የማይገናኙ ብዙ ሰዎች ይወጣሉ። የግብርና ኢኮኖሚስቱና የሕክምና ዶክተሩ በአስትሮኖሚ ማጣሪያው ይቀራሉ፤ የፊዚክስ ባልደረባዎ ግን አይቀርም።

የቢብኮዱ ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያ ደራሲ ሆነው ስምዎ በ«መድኅን» ከተመዘገበ መለያው በ«ኤም» ያበቃል፤ በዋቢ ዝርዝሮችም ሰው ሁሉ «መድኅን እና ባልደረቦቹ» እያለ ይጠቅስዎታል። ስህተቱ በጠቀሰዎት ጽሑፍ ሁሉ ይባዛል። በአንድ ነገር ግን ታድለናል፤ በባህላችን ሴት ተመራማሪ ስታገባ ስሟ አይለወጥም። በሌሎች አገሮች የብዙ ሴቶችን መዝገብ ለሁለት የከፈለው ነገር እኛ ዘንድ የሚገጥመው በአብዛኛው ውጭ አገር ኖረው የባላቸውን ስም በያዙት ላይ ነው።

ታዲያ የተበተነውን መዝገብ እንዴት እሰበስባለሁ?

ስምዎን በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጽፉ አንድ ጊዜ ይወስኑ፤ ቢቻል በፓስፖርትዎ ላይ እንዳለው። ባለ ሁለት ቃል ስም ከሆነ ይግጠሙት ወይም በጭረት ያያይዙት፤ ባዶ ቦታ አይተዉ። የቢብቴክ ፋይል (የዋቢ ዝርዝር የሚሠራበትን ፋይል) ሲያዘጋጁ ስሙን በጥምዝ ቅንፍ ካቀፉት ሶፍትዌሩ አይሰነጥቀውም። ተባባሪዎችዎ ጽሑፉን ከማስገባታቸው በፊት የስምዎን አጻጻፍ በኢሜይል ይላኩላቸው፤ ከታተመ በኋላ ከማስተካከል እጅግ ይቀላል።

ቀጥሎ ኦርኪድ ያውጡ። ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ ነው፤ ነፃ ሲሆን በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል። በገጹ ላይ «በሌላ ስምም የሚታወቅ» በሚለው ቦታ እስከ ዛሬ የታተሙባቸውን አጻጻፎች ሁሉ ያስገቡ። ከዚያ ኤዲኤስ ላይ አካውንት ከፍተው ከኦርኪድ ጋር ያገናኙት። እያንዳንዱን የስም አጻጻፍ ተራ በተራ እየፈለጉ የእርስዎ ከሆነው ጽሑፍ አጠገብ ያለውን የኦርኪድ ምልክት በመጫን «የእኔ ነው» ይበሉ። ወዲያው ካልታየ አንድ ሁለት ቀን ይጠብቁ። ከዚያም ካልመጣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በኦርኪድ በኩል ሥራዎቹ ለሕዝብ እንዲታዩ አለመፈቀዳቸው ነው፤ የታይታ ምርጫውን ወደ «ሁሉም ሰው» ይቀይሩ። ከዚህ በኋላ የኦርኪድ ቁጥሩን ብቻ የፈለገ ሰው መዝገቡን በአንድነት ያገኘዋል።

የታተመው ጽሑፍ ላይ ስምዎ ትክክል ሆኖ ኤዲኤስ ላይ ብቻ ከተሳሳተ በ«ፊድባክ» ስር ባለው የማረሚያ ቅጽ ይስተካከላል። ስህተቱ ጆርናሉ ራሱ ያተመው ከሆነ ግን ኤዲኤስ በራሱ አይለውጠውም፤ ጆርናሉን እርማት መጠየቅ ያስፈልጋል።

የተቋም ስምም እንዲሁ ይበትናል። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ2016 ተቋቁሞ በኋላ ከጂኦስፓሻል ተቋሙ ጋር ሲዋሐድ ስሙ ተለውጧል። እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪን በተቋም ስም የሚፈልግ ሰው የድሮውንም የአዲሱንም ስም፣ «እንጦጦ» የሚለውንም ጭምር ካልፈለገ የቀድሞ ሥራዎች ያመልጡታል።

ኤች-ኢንዴክስ በትክክል እንዴት ይቆጠራል?

ሐሳቡን በ2005 ያቀረበው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳን ዲዬጎ፣ የፊዚክስ ሊቅ የሆነው ሆርሄ ሂርሽ ነው። ጽሑፎቹን ከሳይቴሽን ብዛት ከፍተኛው ጀምሮ ወደ ታች ይደርድሩ፤ የተራ ቁጥሩ ከሳይቴሽኑ ሳይበልጥ የሚደርሱበት የመጨረሻ ተራ ኤች-ኢንዴክስ ነው።

12 ጽሑፍ ያለው ሰው እንውሰድ፦ 210፣ 64፣ 31፣ 19፣ 12፣ 9፣ 8፣ 7፣ 4፣ 2፣ 0፣ 0። 7ኛው ጽሑፍ 8 ሳይቴሽን አለው፤ ያልፋል። 8ኛው 7 ብቻ ስላለው አያልፍም። ስለዚህ ኤች-ኢንዴክሱ 7 ነው። ጠቅላላው 366፣ አማካዩ 30.5፣ መካከለኛ ዋጋው 8.5። ከ10 ያላነሰ ሳይቴሽን ያላቸውን የሚቆጥረው አይ-10 ደግሞ 5 ይሆናል።

አሁን ባለ 210ውን ጽሑፍ አውጥተን እንየው። ጠቅላላው ወደ 156፣ አማካዩ ወደ 14.2 ይወርዳል። ኤች-ኢንዴክሱ ግን እዚያው 7 ላይ ነው፤ ከኋላ ያለው ባለ 7 ሳይቴሽን ጽሑፍ ወደ 7ኛ ተራ ወጥቶ ቦታውን ይሞላልና። የኤች-ኢንዴክስ ብርታትም ድክመትም ይኸው ነው። በአንድ ትልቅ ጽሑፍ አይወዛወዝም፤ በዚያው ልክ አንድን ታላቅ ግኝት አያይም። መዝገብ የሚያነብ ሰው አማካዩን ትቶ መካከለኛውን ዋጋ ከኤች-ኢንዴክሱ ጋር ቢያይ ይሻላል።

ሺህ ደራሲ ያለበት ጽሑፍ እንዴት ይመዘናል?

የመጀመሪያው የስበት ሞገድ ግኝት በ2016 ሲታተም ደራሲዎቹ ከ1,000 በላይ ነበሩ። በ2017 የሁለት ኒውትሮን ኮከቦችን ግጭት በሞገድም በብርሃንም ያየው የጋራ ጽሑፍ ደግሞ ከ3,000 በላይ ደራሲዎች አሉት። የተራ ቆጠራ ሕግ ለእያንዳንዳቸው የጽሑፉን ሳይቴሽን በሙሉ ይሰጣል። ሥራው የሁሉም ድካም ነው፤ መሣሪያውን የገጠመውም፣ ሶፍትዌሩን የጻፈውም ይገባዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለ መዝገብ በሦስት ሰው ከሚሠራ ንድፈ ሐሳብ አዋቂ መዝገብ ጋር በጥሬው ሊወዳደር አይችልም።

ኤዲኤስ ለዚህ ሁለት መፍትሔ ያቀርባል። አንደኛው «ኖርማላይዝድ» የሚለው ቁጥር ነው፤ ሳይቴሽኑን ለደራሲዎቹ ብዛት ያካፍላል። በላይኛው ምሳሌ ባለ 210ው ጽሑፍ 1,000 ደራሲዎች ቢኖሩት የሰውየው ድርሻ 0.21 ነው። ሁለተኛው ቶሪ የሚባለው መለኪያ ነው። እያንዳንዱን ሳይቴሽን ለተጠቀሰው ጽሑፍ ደራሲዎች ብዛት፣ እንዲሁም ለጠቃሹ ጽሑፍ ዋቢዎች ብዛት ያካፍላል፤ ራስን መጥቀስንም ያወጣል። 200 ዋቢ ባለው የክለሳ ጽሑፍ ውስጥ መጠቀስ 20 ዋቢ ባለው ውስጥ የመጠቀስን ያህል ሚዛን አይኖረውም ማለት ነው። ጥሩ መለኪያ ሆኖ ሳለ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

የደራሲዎች ቅደም ተከተል ምን ይናገራል?

በአስትሮፊዚክስ የመጀመሪያው ደራሲ ሥራውን የመራው፣ በአብዛኛውም ጽሑፉን የጻፈው ነው። መጨረሻ ላይ መሆን እንደ ባዮሎጂ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ማለት አይደለም፤ ተማሪ የመራው ጽሑፍ ከሆነ አማካሪው ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ላይ ይገኛል። ከጥቂት ስሞች በኋላ ዝርዝሩ በፊደል ተራ መሄዱ የተለመደ ነው። በትልልቅ ቡድኖች ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ በፊደል ተራ ነው፤ የስበት ሞገዱ ጽሑፍ በ«አቦት» ስም የሚጠቀሰው ለዚህ ነው።

ተራ ግን እውነቱን ሁሉ አይነግርም። ፐልሳርን (በፍጥነት እየተሽከረከረ የሬዲዮ ምት የሚልክ ኮከብ) በ1967 ከመዝገቡ ወረቀት ላይ ነቅሳ ያወጣችው ተማሪዋ ጆስሊን ቤል ነበረች፤ በ1968 በኔቸር በወጣው ጽሑፍ ላይ ከአማካሪዋ ከአንቶኒ ሂዊሽ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። የ1974ቱ የኖቤል ሽልማት ለሂዊሽና ለማርቲን ራይል ሲሰጥ እርሷ አልተካተተችም።

ኤዲኤስ፣ ጎግል ስኮላርና ስኮፐስ ለምን የተለያየ ቁጥር ይሰጡኛል?

የሚቆጥሩት ክምችት ስለሚለያይ ነው። ጎግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችን፣ በየድረ ገጹ የተቀመጡ ሰነዶችንና ድግግሞሽንም ስለሚያካትት ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የመረጧቸውን ጆርናሎች ብቻ ስለሚቆጥሩ ዝቅ ይላሉ። ኤዲኤስ ለአስትሮኖሚ የተሟላ ቢሆንም ከመስኩ ወጣ ያለ ሥራ ሊያመልጠው ይችላል፤ በቅንጣት ፊዚክስና በስበት ንድፈ ሐሳብ ላይ የሚሠራ ሰው ኢንስፓየር የተባለውን የመስኩን የመረጃ ቋት ይጨምር። ቁጥር ሲጽፉ የመረጃ ቋቱን ስምና የወሰዱበትን ቀን አብረው ይጻፉ።

አርካይቭ ላይ ያለው ጽሑፌ ይቆጠራል?

አርካይቭ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን በጆርናል ከመታተሙ በፊትም በነፃ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ነው። እዚያ ያለ ጽሑፍ ሳይቴሽን ይሰበስባል፤ የተገመገመ ጽሑፍ ግን አይደለም። ፖል ጊንስፓርግ አርካይቭን የመሠረተው በ1991 ሲሆን የአስትሮፊዚክስ ክፍሉ ከ1992 ጀምሮ አለ። ዛሬ በመስኩ የሚወጣው ጽሑፍ አብዛኛው እዚያ በነፃ ይገኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስገባ ሰው ቀደም ሲል ያሳተመ ተመራማሪ ድጋፍ ሊጠየቅ ይችላል።

ጽሑፉ በጆርናል ሲወጣ ኤዲኤስ ሁለቱን መዝገቦች ራሱ ያዋሕዳል። የሚከሽፈው ርዕሱ በግምገማ ወቅት ሲለወጥ ወይም የደራሲ ስም በሁለቱ ላይ ሲለያይ ነው፤ ያኔ ሳይቴሽኑ ለሁለት ይከፈላል። መድኃኒቱ አርካይቭ ገጽዎ ላይ ገብቶ የዲኦአይ ቁጥሩን (የታተመው ጽሑፍ ቋሚ መለያ) እና የጆርናሉን ቅጽና ገጽ መሙላት ነው።

ራሴን መጥቀስ ያስነቅፈኛል?

በፊተኛው ሥራ ላይ የሚቀጥል ሰው ራሱን መጥቀሱ የግድ ነው። የሚያስጠይቀው ከርዕሱ ጋር የማይገናኝ ሲሆን ነው። ኤዲኤስ ራስን መጥቀስ የሚለው በቀረበለት ዝርዝር ውስጥ ያሉት ጽሑፎች እርስ በርስ ሲጠቃቀሱ ነው፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ጎዶሎ ከሆነ ቁጥሩም ከእውነቱ ያንሳል።

ስንት ሳይቴሽን ነው ጥሩ የሚባለው?

መስኩንና የሥራ ዘመኑን ሳያዩ የሚሰጥ መልስ ሁሉ ያሳስታል። በኮስሞሎጂና በሌሎች ከዋክብት ፕላኔቶች ላይ የሚሠራው ሰው ብዙ ስለሆነ ሳይቴሽኑም ይበዛል፤ በሰማይ አካላት መካኒክስ ላይ የሚሠራው ጥቂት ነው። ለወጣት ተመራማሪ ኤም-ኢንዴክስን ይመልከቱ፤ ኤች-ኢንዴክሱን ከመጀመሪያው ኅትመት ወዲህ ባለፉት ዓመታት ብዛት በማካፈል ይገኛል። ንጽጽሩን ደግሞ በዚያው ንዑስ መስክ፣ በተቀራራቢ ዓመት ዶክትሬት ከያዙ ሰዎች ጋር ያድርጉ።

የጽሑፉ ዓይነትም ወሳኝ ነው። እጅግ ከተጠቀሱት መካከል ብዙዎቹ መሣሪያ ወይም ዳታ የሚሰጡ ናቸው፦ የ1998ቱ የሽሌገል፣ ፊንክባይነርና ዴቪስ የአቧራ ካርታ፣ የፕላንክ ሳተላይት የኮስሞሎጂ ልኬቶች፣ አስትሮፓይ የተባለው የፓይተን ሶፍትዌር። ሰው ሁሉ ስለሚጠቀምባቸው ይጠቅሳቸዋል።

ዘግይቶ የሚነቃ ሥራም አለ። ፍሪትዝ ዝዊኪ በ1933 በኮማ የጋላክሲ ክምችት ውስጥ የማይታይ ቁስ መኖር እንዳለበት በጀርመንኛ በስዊዝ ጆርናል ጻፈ፤ ለአሥርተ ዓመታት የጠቀሰው ሰው ጥቂት ነበር። በሕይወቱ ሳለ በኤች-ኢንዴክስ ቢለካ ኖሮ ያ ጽሑፍ ከቁጥር አይገባም ነበር።

የት ባሳትም ይሻላል? ክፍያውስ?

በመስኩ ሁሉም የሚያነባቸው አስትሮፊዚካል ጆርናል (ከ1895 ጀምሮ)፣ አስትሮኖሚካል ጆርናል (1849)፣ መንዝሊ ኖቲስስ (1827) እና አስትሮኖሚ ኤንድ አስትሮፊዚክስ (1969) ናቸው። የአሜሪካ አስትሮኖሚ ማኅበር ጆርናሎች ከ2022፣ መንዝሊ ኖቲስስ ከ2024 ጀምሮ ለአንባቢ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆነዋል፤ ወጪው ወደ ደራሲው ዞሯል ማለት ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆኑ አገሮች ለሚያስገቡ የክፍያ ምሕረት ስለሚኖር ጽሑፉን ከማስገባትዎ በፊት ለአዘጋጆቹ ይጻፉ። ለምሕረቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈው ደራሲ ተቋም ነው።

በሳምንት ውስጥ እናትማለን እያሉ በኢሜይል ከሚለምኑ ጆርናሎች ይራቁ። ጽሑፎቻቸው ኤዲኤስ ላይ «ሪፈሪድ» ተብለው ይወጡ እንደሆነ፣ በመስኩ የሚያውቋቸው ሰዎችም ያሳተሙበት እንደሆነ ይፈትሹ።

ለማዕረግ ዕድገት ወይም ለቅጥር ምን ላቅርብ?

የተገመገሙትን ለብቻ፣ የጉባኤውን ለብቻ ይዘርዝሩ፤ የመጀመሪያ ደራሲ የሆኑባቸውን ያድምቁ። በፊደል ተራ በተጻፈ የቡድን ጽሑፍ ላይ «457ኛ ደራሲ» ተብሎ ነጥብ እንዳይቀነስብዎ የሠሩትን በሁለት መስመር ይግለጹ፤ ከቡድኑ አስተባባሪ የድጋፍ ደብዳቤም ያያይዙ። ክሬዲት የተባለው ባለ 14 የሥራ ድርሻ ዝርዝር ለመግለጫው ይረዳል። የዩኒቨርሲቲዎን የሴኔት ደንብ አስቀድመው ያንብቡ፤ የነጥብ አሰጣጡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሲቪው ላይ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጻፉ የአውሮፓውን ከጎኑ ያድርጉ፤ አለዚያ ገምጋሚው ጽሑፉን በ7 ወይም በ8 ዓመት ስቶ ይፈልገዋል።

የጠቀሰኝን ጽሑፍ በዓይኔ እያየሁ ኤዲኤስ አልቆጠረውም። ባለፈው ወር የነበረኝ ቁጥርም ቀነሰ። ምን ላድርግ?

ያልተቆጠረው አብዛኛውን ጊዜ ጠቃሹ ቅጹን፣ ገጹን ወይም ዓመቱን ስለሳተ ነው፤ ማሽኑ ዋቢውን ከመዝገብዎ ጋር ሊያገናኘው አልቻለም። በ«ፊድባክ» ስር የጎደሉ ዋቢዎች ማስገቢያ ቅጽ አለ፤ የጠቃሹንና የተጠቃሹን ቢብኮድ አስገብተው ይላኩ። የቀነሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስህተት አይደለም። የጠቀሰዎት ጽሑፍ አርካይቭና ጆርናል ላይ በሁለት መዝገብ ተቆጥሮ ከነበረ መዝገቦቹ ሲዋሐዱ ሁለቱ ሳይቴሽን አንድ ይሆናሉ። ደራሲዎቹ በመጨረሻው እትም ላይ ዋቢውን አውጥተውትም ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለማረጋገጥ የታተመውን እትም የዋቢ ዝርዝር ከፍተው ስምዎን በሁሉም አጻጻፍ ይፈልጉ።